በእጅ ስልክ የሚከፈለው ገንዘብና የችርቻሮው ገበያ

ገበያን የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፤ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ዛሬ በሱቅ ደጃፍ ከሚሰሙት ቃላት መካከል ከሁሉ የሚበዛው «ገባ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ገዢው ዕቃውን ከተቀበለ በኋላ የእጅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጥቂት ቁጥሮችን ይነካል፤ ከዚያም ቀና ብሎ ባለሱቁን ይመለከትና «ገባ?» ይላል። ባለሱቁም በበኩሉ የራሱን ስልክ አንሥቶ ይጠብቃል። ብዙውን ጊዜ ድምፁ ወዲያው ይሰማል፤ ሁለቱም ተመሰጋግነው ይለያያሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን አይሰማም። ስለዚህችው ድምፅ ሳይሰማ ስለሚያልፈው ጊዜ ለነጋዴ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እንወዳለን፤ ምክንያቱም በስልክ የሚደረገው ፈጣን ክፍያ ወደ ፊት በሕዝቡ ዘንድ መጽናቱና አለመጽናቱ የሚወሰነው በማስታወቂያው ብዛት ሳይሆን በዚህች ጊዜ በሚሆነው ነገር ነው ብለን ስለምናምን ነው።

የአገራችን ነጋዴ አዲስ ገንዘብ ሲመጣለት ተጠራጥሮ መመርመሩ የቆየ ጠባዩ ነው፤ ሊነቀፍበትም አይገባም። አባቶቻችን በማርትሬዛ ብር ሲገበያዩ በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥሩ ነበር፤ ብሩንም በድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን ያደምጡ ነበር። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ የወረቀት ገንዘብ ባሳተመ ጊዜም ሕዝቡ ወረቀቱን ከብሩ አስበልጦ አልተቀበለውም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ታውጆ ማርትሬዛው ቀስ በቀስ ከገበያ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ትዕግሥት አስፈልጓል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። በዚያ ዘመን ነጋዴው ሐሰተኛውን ገንዘብ ከእውነተኛው የሚለይበት ዘዴ በገዛ እጁና በገዛ ጆሮው ነበረ። ዛሬ ግን የገንዘቡን መምጣት የሚነግረው ከሩቅ ያለ መኪና ነው፤ መኪናው ዝም ባለ ጊዜ ነጋዴው የሚመረምረው ነገር በእጁ የለም።

ነገሩ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ ለማስታወስ ያህል እንጥቀስ። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም በስልክ የሚንቀሳቀስ ገንዘብ እንዲያወጡ ከፈቀደ በኋላ፤ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ አስጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ደግሞ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኤም-ፔሳ ተከተለ። ይህ አገልግሎት በኬንያ ከተጀመረ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ስለ ሆነ፤ ጎረቤቶቻችን በዚህ ረገድ አሥራ ስድስት ዓመት ቀድመውናል። ቴሌብር በ2017 የበጀት ዓመት መጨረሻ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች እንዳሉት ድርጅቱ አስታውቋል። ባንኮቹም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን አገልግሎት ከፍተዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የነዳጅ ዋጋ በስልክ እንዲከፈል ግዴታ በተደረገ ጊዜ፤ ሾፌሮች ሁሉ ወደዱም ጠሉም ተምረውታል። ስለዚህ «ሕዝቡ ገና አልሠለጠነበትም» የሚለው ምክንያት ከዚህ በኋላ የሚያስኬድ አይደለም። ሕዝቡ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል። የቀረው የአገልግሎት ሰጪዎቹና የእኛ የነጋዴዎቹ ድርሻ ነው።

ነገሩን በሌላ ሰው ላይ ከማላከክ በራሳችን ላይ የደረሰውን ብንናገር ይሻላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የጽሕፈት መሣሪያ ቸርቻሪ ነው። በአንድ የትምህርት መክፈቻ ዋዜማ ሱቁ በሕፃናትና በወላጆች ተሞልቶ ሳለ፤ አንዲት እናት ለሦስት ልጆቻቸው ደብተርና እርሳስ ገዝተው 3,400 ብር በስልካቸው ከፈሉ። «ገባ?» አሉ። አልገባም። ጥቂት ቆይተን እንደ ገና ተመለከትን፤ አሁንም የለም። «ጋሼ፤ ከእኔ ተቈርጧል፤ ይኸው ይመልከቱ» ብለው ስልካቸውን ዘረጉልኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ተቈርጧል። «እኅቴ፤ እርስዎን አላምንም ማለቴ አይደለም፤ ወደ እኔ ግን አልደረሰም» አልኋቸው። ልጆቹ ደብተሮቹን በደረታቸው አቅፈው ሁለታችንንም ያዩናል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ማጕረምረም ጀምሯል። እኚህ ሴት ዳግመኛ እንዳይከፍሉ ገንዘባቸው ሄዷል፤ እኔ ዕቃውን እንዳልለቅ ልጆቹ አቅፈውታል። በመጨረሻ ስልክ ቍጥራቸውን ጽፌ ዕቃውን ሰጠኋቸው።

በማግሥቱ እርሳቸው ወደ ባንካቸው፤ እኔም ወደ ባንኬ ሄድን። የእርሳቸው ባንክ «እኛ ልከናል፤ ተቀባዩን ባንክ ይጠይቁ» አላቸው፤ የእኔው ባንክ «ወደ እኛ የደረሰ ነገር የለም፤ ላኪውን ባንክ ይጠይቁ» አለኝ። ሁለቱም ትሑታን ናቸው፤ ሁለቱም ወንበር ሰጥተውናል። ገንዘቡ በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ እናቲቱ ሒሳብ ተመለሰ፤ እርሳቸውም ጨዋ ሰው ስለ ሆኑ በጥሬ ገንዘብ ይዘው መጥተው ከፈሉኝ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት ውስጥ 3,400 ብሩ በማን እጅ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ለአንድ ትልቅ አስመጪ ይህ ገንዘብ የምሳ ግብዣ ዋጋ ይሆናል። ለችርቻሮ ነጋዴ ግን የአንድ ካርቶን ደብተር መግዣ ነው፤ ለእናቲቱ ደግሞ የወር አስቤዛ ነበር። እርሳቸው ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቄ ሲመጡ የሚይዙት ጥሬ ገንዘብ ነው። ምን ብዬ ልምከራቸው?

ለምን እንዲህ እንደሚሆን መረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ከፋዩና ተቀባዩ በአንድ ቤት ሒሳብ ያላቸው እንደ ሆነ፤ ገንዘቡ ከአንድ መዝገብ አንድ መስመር ወደ ሌላው መስመር ይጻፋል እንጂ ከቤቱ አይወጣም። በሁለት ቤቶች መካከል ሲሆን ግን፤ የላኪው ቤት ይቀንሳል፤ መልእክቱም ባንኮቹና ብሔራዊ ባንክ በአክሲዮን ባቋቋሙት በኢትስዊች በኩል ያልፋል፤ የተቀባዩ ቤት ይጨምራል፤ ከዚያም «ተቀብያለሁ» የሚለው መልስ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በዚህ ጉዞ አንዱ ድልድይ ቢሰበር ላኪው ቀንሶ ሳለ ተቀባዩ አልጨመረም ማለት ነው። መብራትና ኔትወርክ በሚቋረጥበት አገር ድልድይ መሰበሩ አይቀርም፤ ስለዚህም ማንንም አንወቅስም። የምንወቅሰው ድልድዩ በተሰበረ ጊዜ ኪሳራውን የሚሸከመው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ አለመወሰኑን ነው። እስካሁን የሚሸከመው በደጃፍ የቆሙት ሁለት ሰዎች ናቸው።

ቤቶቹ ሲፈልጉ መፍጠን እንደሚችሉ ደግሞ አይተናል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት በአንድ ሌሊት ተሳስቶ፤ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ አውጥተውና አስተላልፈው እንደ ነበረ ይታወሳል። ባንኩ ማን ምን ያህል እንደ ወሰደ አንድ በአንድ ለይቶ፤ ያልመለሱትንም ሰዎች ስም እስከ ማውጣት ደርሶ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አብዛኛውን ገንዘብ ማስመለሱን ገልጿል። መብቱ ነው፤ አልተሳሳተም። ነገር ግን የባንክ ገንዘብ በስሕተት ወደ ደንበኛ ሲሄድ መዝገቡ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚነበብ ከሆነ፤ የደንበኛ ገንዘብ በመንገድ ሲቀር ለምን አይነበብም ብለን ብንጠይቅ ድፍረት አይሆንብንም።

ስለ ማጭበርበሩ ደግሞ እንናገር። በሰፈራችን ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ወጣት የ600 ብር አትክልት ገዝቶ «ከፍያለሁ እማማ» እያለ በስልኩ ላይ ያለ ሥዕል አሳያቸው። ሥዕሉ ከቀድሞ ክፍያ ላይ የተቀዳና ቍጥሩ የተለወጠ ነበር። እርሳቸው ፊደል አልቈጠሩም፤ አረንጓዴውን ምልክት አይተው አመኑ። ማታ የልጅ ልጃቸው ሲመለከትላቸው የገባ ነገር የለም። ከእርሳቸው የከፋው ግን በኋላ የሆነው ነው፤ ጎረቤቶቻቸው ጉልተኞች ይህን ሰምተው በስልክ መቀበልን በአንድ ቀን ተዉት። አንድ ሰው ሲታለል አሥር ሰው ይሸሻል።

ለዚህ መድኃኒቱ በሕንድ አገር ተገኝቷል። በዚያ ፈጣን ክፍያ የሚካሄድበት ሥርዓት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሻይ ሻጩና አትክልት ቸርቻሪው በመደርደሪያቸው ላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ማስቀመጥ ጀመሩ። መሣሪያይቱ የራሷ ሲም ካርድ አላት፤ ገንዘቡ በእርግጥ ወደ ሻጩ ሒሳብ ሲገባ የገባውን መጠን በሻጩ ቋንቋ ጮኻ ትናገራለች። ሻጩ እጁን ከሥራው አያነሣም፤ ማንበብም አያስፈልገውም፤ ገዢውም በስልኩ ላይ ምን ሥዕል እንዳለ የሚጠይቀው የለም። ለሕንድ ነጋዴ የብሩን ድምፅ የማድመጥ ዕድል ተመልሶለታል ማለት ይቻላል። እንደዚህ ያለች መሣሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን «ስድስት መቶ ብር ገብቷል» ብትል፤ ለማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚወጣው ገንዘብ የተሻለ ሥራ ትሠራለች። አገልግሎት ሰጪዎቹ ለጉልተኛ በነፃ፤ ለባለሱቅ በመጠነኛ የወር ኪራይ ሊያድሏት ይችላሉ።

ከብራዚልም የምንማረው አለ። የዚያ አገር ማዕከላዊ ባንክ ፒክስ የተባለውን ሥርዓት በኅዳር ወር እ.ኤ.አ. 2020 ራሱ ሠርቶ ከፍቷል፤ ትላልቆቹን ባንኮች ሁሉ እንዲገቡበት አስገድዷል፤ ተራው ሰው ለሚልከው ገንዘብም ዋጋ እንዳይጠየቅ ደንግጓል። ክፍያው በሌሊትም በበዓልም በሰከንዶች ይደርሳል። ፍጥነቱ ግን ወንበዴውንም ጠቀመው፤ ሰውን በጨለማ አግተው ስልኩን አስከፍተው የሚያስልኩ ሰዎች ተነሡ። ማዕከላዊ ባንኩም በዓመቱ በሌሊት የሚላከውን ገንዘብ በ1,000 ሬያል ወሰነው፤ ተበዳይ ባመለከተ ጊዜም የተቀባዩ ባንክ ገንዘቡን አግዶ የሚመረምርበትንና የሚመልስበትን ሥርዓት አወጣ። ገንዘብ በሰከንድ የሚሄድ ከሆነ አቤቱታም በዚያው ልክ መፍጠን እንዳለበት ብራዚሎች በአንድ ዓመት ተረድተውታል።

እኛም የምንጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም። ከላኪው ተቈርጦ ለተቀባዩ ያልደረሰ ገንዘብ በዚያው ቀን ከመሸ በፊት ያለ ማመልከቻ ወደ ላኪው እንዲመለስ፤ ካልተመለሰም መዘግየቱ ለቤቱ በየቀኑ ኪሳራ እንዲያስከትልበት ብሔራዊ ባንክ ቢወስን፤ ቤቶቹ ድልድዩን ለማጽናት ከማንም ምክር ሳይጠብቁ ይተጉበታል። አቤቱታውንም ላኪው ለራሱ ቤት ብቻ አቅርቦ፤ ከዚያ ወዲያ ቤት ከቤት እንዲነጋገር ይሁን። ደንበኛ በሁለት ባንኮች መካከል ተላላኪ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

የአገልግሎቱ ዋጋ ነገር በአጭሩ ይታለፋል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚታየው በተሳሳተ አቅጣጫ ነው። ሰው የሚያማርረው ከስልክ ወደ ስልክ ሲላክ የምትቈረጠውን ጥቂት ብር ነው። ትልቁ ወጪ ግን ገንዘቡን ከስልክ ወደ ወረቀት ለመመለስ የሚከፈለው ነው። ያችው ሽንኩርት ሻጭ ቀኑን ሙሉ በስልክ ብትቀበል፤ በማግሥቱ ንጋት ላይ ከጅምላ ነጋዴው ዘንድ ስትሄድ ጥሬ ገንዘብ አምጪ ትባላለች፤ ተሸካሚውም ባለጋሪውም ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በየማታው ወደ ወኪል ሄዳ፤ ተሰልፋ፤ ዋጋ ከፍላ ታወጣለች። እንግዲህ በስልክ መቀበሏ ለገዢው ምቾት እንጂ ለእርሷ ምኗ ነው? ብዙ ሰዎች ይህ ነገር ከታች ከጉልት ተጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል ብለው ያስባሉ። እኛ ግን ከላይ ከጅምላው መጀመር አለበት እንላለን። ጅምላ ሻጩ በስልክ የተቀበለ ቀን ቸርቻሪው ገንዘቡን የሚያወጣበት ምክንያት ይቀራል፤ የዝርዝር ችግርም አብሮ ይቀላል፤ በመልስ ፈንታ ማስቲካ መስጠትም ያበቃል። ማስቲካውን የሚወዱ ልጆች ቅር ቢላቸው እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ስለ ነጋዴዎች እውነቱን ሳንናገር ብናልፍ ይህ ጽሑፍ አድልዎ ይሆንበታል። ከእኛ መካከል በሱቁ ግድግዳ ላይ የድርጅቱን የክፍያ ምልክት ለጥፎ፤ ገዢው ሊከፍል ሲል «እዚያ ላይ አትክፈል፤ በዚህ በግል ቍጥሬ አስገባልኝ» የሚል ጥቂት አይደለም። «በስልክ ከሆነ ዋጋው ይኸ ነው፤ በጥሬ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚልም አለ። ምክንያቱ ግብር እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ገቢን ለመሸሸግ የሚደረገውን አንደግፍም፤ ለታማኙ ነጋዴ ተወዳዳሪውን በሕገ ወጥ መንገድ የሚያረክስበት እርሱው ነውና።

ሆኖም ከስርቆት ያልሆነ እውነተኛ ሥጋትም አለ። የአንድ ባለሱቅ ስልክ የሽያጭ ገንዘብ ብቻ የሚያልፍበት አይደለም። የዕቁብ ዳኛ ከሆነ የሠላሳ ሰው ገንዘብ በየሳምንቱ በእርሱ ስም ገብቶ ይወጣል፤ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ከሆነም እንዲሁ፤ ከአረብ አገር እኅቱ ለእናቷ መድኃኒት የላከችው ገንዘብም በዚያው ይመጣል። የግብር ሠራተኛው ይህን ሁሉ ደምሮ «ሽያጭህ ይህን ያህል ነው» ያለው እንደ ሆነ ነጋዴው ምን ማስረጃ ያቀርባል? ይህ ፍርሃት እስካልተወገደ ድረስ በግል ቍጥር አስገቡልኝ ማለቱ አይቀርም። መድኃኒቱ ከሁለቱም ወገን የሚመጣ ነው። ነጋዴው የሱቁን ሒሳብ ከዕቁቡና ከቤተ ሰቡ ሒሳብ ይለይ፤ ዛሬ የድርጅት ሒሳብ በስልክ ለመክፈት ብዙ የሚያስቸግር አይደለም። የገቢዎች መሥሪያ ቤትም ወደ ግል ሒሳብ የገባ ገንዘብ ሁሉ እንደ ሽያጭ እንደማይቈጠር፤ በምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚለይም በግልጽ ጽፎ ያስታውቅ። ይህ አንድ ገጽ የማይሞላ ማስታወቂያ በስልክ የሚከፈለውን ገንዘብ ከብዙ ስብሰባ ይልቅ ያበዛዋል።

ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሚይዙት ሰዎችም መርሳት አይገባም። ኢንተርኔት የሌለው ሰው *127# ወይም *847# ብሎ በመደወል ገንዘብ ይልካል፤ ይቀበላልም፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዝርዝሩን አንብቦ ቍጥር እስኪመርጥ የተሰጠው ጊዜ ስለሚያልቅበት እንደ ገና ይጀምራል፤ ሦስተኛው ጊዜ ላይ ሲሰለቸው ስልኩንና ምስጢር ቍጥሩን አንድ ላይ ለባለሱቁ ልጅ ያስረክበዋል። በየሱቁ የሽማግሌዎችን ምስጢር ቍጥር በቃሉ የሚያውቅ አንድ ልጅ አይጠፋም። ልጁ ታማኝ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። በቃል ንግግር የሚመራ፤ ሰውየውም ድምፅ እየሰማ ቍጥር ብቻ የሚጫንበት አገልግሎት ቢበዛ ከዚህ አደጋ ብዙዎች ይድኑ ነበር።

በመጨረሻ ለምክር ቤቱ አባላት አንድ ተግባራዊ አሳብ አለን። ቤቶቹ «የሚቀረው ክፍያ እጅግ ጥቂት ነው» ይላሉ፤ እኛም «ብዙ ነው» እንላለን፤ ሁለታችንም የምናሳየው መዝገብ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለሱቅ በመሳቢያው አንድ ደብተር አኑሮ፤ ተቈርጦ ያልገባ ክፍያ በገጠመው ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መጠኑን፣ ከየትኛው ቤት ወደ የትኛው እንደ ተላከና በስንት ቀን እንደ ተመለሰ ይጻፍ። የገዢው ስም አያስፈልግም። ስድስት ወር ከተጻፈ በኋላ ደብተሮቹ በምክር ቤቱ ተሰብስበው ቢደመሩ፤ ወደ ብሔራዊ ባንክ የምንሄደው በእሮሮ ሳይሆን በቍጥር ይሆናል። የእኔ ደብተር ተጀምሯል፤ የመጀመሪያው መስመር 3,400 ብር፤ አሥራ አንድ ቀን ይላል።